ከዘጌ ወዲያ፦ አንድ ቀን በቦንጋ

እናቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ባሕር ዳር ያረጀች ሴት ናት። በብዙ ነገር ለሰው ሐሳብ ትረታለች፤ በቡና ግን ወይ ፍንክች። «ከዘጌ ወዲያ ቡና ላሳር!» ትላለች፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል። እኔም በዚሁ ሃይማኖት ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለሁ በጀልባ ወደ ዘጌ በተሻገርን ቁጥር የአቡነ በትረ ማርያምን ታሪክ ትነግረኝ ነበር። ጻድቁ በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ ጸደቀ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በሬና ሞፈር ዘጌን አይረግጣትም ትለኛለች። ስለዚህ ቡና ማለት ለእኔ ቅዱስ ሰው የተከለው፣ ግዝት የጠበቀው ተክል ነበር። የሰው እጅ ሳይነካው የሚበቅል ቡና አለ ቢሉኝ ተረት ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ባለፈው ኅዳር ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ጅማ ሄድኩ። እዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለ፤ የካፋ ልጅ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲበላ ግን የሚቸኩል። ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ማታ ደወለልኝ።

«ነገ ከተማ እወስድሃለሁ።»

«አሁን ያለሁት ከተማ አይደለም እንዴ?»

«ለእናንተ ይሁን። እኛ ልጆች ሳለን ከተማ ማለት ቦንጋ ነበር። ደርሰን ማታ እንመለሳለን።»

በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ቡና የምትሸጥ ልጅ ከሰሏን ስታራግብ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የቱ ጭስ የቱ ጉም እንደሆነ አይለይም። ለአንድ ሰው 300 ብር ከፍለን ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን ተቀመጥን፤ እኔ በመስኮት በኩል፣ ወዳጄ መሐል፣ ከጎኑ ደግሞ ጫጩት በካርቶን የያዙ እናት። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ፤ እናትየውም «እሽ፣ እሽ፣ ደረስን» እያሉ ያባብሏቸዋል። ርቀቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ከባሕር ዳር እንጅባራ እንደመሄድ ነው። ሰቃን አልፈን ሸቤ ስንደርስ ረዳቱ «አሥር ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። ሻይ በ10 ብር፣ ስድስት ሙዝ በ40 ብር። ሻዩን ሳልጨርስ ጥሩምባው ጠራን።

ከሸቤ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። አየሩ እየሞቀ መጣ፤ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ከታች የጎጀብ ወንዝ ታየ። እስከዚያ ድረስ ስለ ሥልጠናዬ እየቀለደ የነበረው ወዳጄ ዝም አለ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ካፋ እዚህ ይጀምራል» አለኝ።

ጎጀብ ወደ ኦሞ የሚገባ ወንዝ ነው። ለጥንቱ የካፋ መንግሥት ግን አጥርም ነበር። ካፋዎች ወንዝ በሌለበት ድንበራቸውን ጥልቅ ጉድባ ቆፍረው ይጠብቁ ነበር፤ ማንም እንደ ልቡ አይገባም፣ እንደ ልቡም አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1897 የዐፄ ምኒልክ አዝማች የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር አገሩን ሲይዝ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ ተማረከ። በካፊኛ ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። ታቶ ጋኪ በሰንሰለት ታስሮ ይህን ወንዝ ሲሻገር የመንግሥቱን ቀለበት ከጣቱ አውልቆ ውሃው ውስጥ ጣለው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት ሳለ ሞተ። ዘውዱ ከአዲስ አበባ አልፎ ስዊዘርላንድ ደርሷል፤ የምኒልክ አማካሪ የነበረው አልፍሬድ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወስዶት፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዘውዱ ተመለሰ። ቀለበቱ አልተመለሰም።

እኔ ይህን ዘመቻ በትምህርት ቤት የተማርኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እርሱም «ግዛት» በሚለው ቃል የሚጀምር ነበር። ወዳጄ ግን ታሪኩን ከአያቱ ነው የሰማው። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ውሃውን አየሁት። ደፍርሷል። ምንም አላልኩም። እርሱም ምንም አላለኝ፤ ሙዝ ልጦ ሰጠኝ።

ከጎጀብ ማዶ ዳገቱ ሲጀምር ዓለሙ ተለወጠ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በእኛ አገር ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካየህ ቆመህ ተሳለም፤ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ጎጃምንና ጎንደርን በመኪና ያቋረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ጤፍ፣ ኮረብታው ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ እንደ ደሴት የተቀመጠች አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ፣ ከነጥቧም መሐል የቆርቆሮ ጉልላት። ደናችን የቀረልን በታቦት ጥላ ሥር ነው። እዚህ ግን ደሴቱ ሰው ነው። ጫካው እስከ አድማስ ተዘርግቶ፣ ሰማይን በክንዱ ደግፎ፣ ጉሙን በየሸለቆው እንደ ነጠላ አጣፍቶ ተቀምጧል፤ ጎጆዎቹ በእንሰት ተከበው እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰውም ይዋጣሉ። ሳላስበው እጄ ወደ ግንባሬ ሄደ። ወዳጄ አይቶኝ ሳቀ። «እንዲህ ከጀመርክ ቦንጋ ሳንደርስ ክንድህ ይዝላል» አለኝ።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፤ ደልዳላ የሚባል ነገር የለም። አፈሩ ቀይ ነው፣ ባጃጆቹም እስከ መስኮታቸው ቀይ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ የእኔ ነጭ ጫማም ቀይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የመቀመጫነቱ ዕድል ለቦንጋም ደርሷታል፤ በየመንገዱ የቢሮ ታፔላ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ከታፔላዎቹ መካከል ግን ቆሜ የቀረሁት አንዲት ጠባብ በር ላይ በእጅ የተጻፈች ነጠላ ቃል ፊት ነው፦ «ካፌ»።

የማትገርም ቃል ናት፤ ባሕር ዳር በየመንገዱ መቶ ጊዜ አልፌያታለሁ። እዚህ ግን አስደነገጠችኝ። የካፋ ሰው እንደሚለው ዓለም ቡናን የሚጠራበት ቃል የተወሰደው ከዚህ ምድር ስም ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ነው ብለው ይሟገታሉ። ማንም ይርታ፣ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ካፋዎች ራሳቸው ተክሉን «ቡኖ» ይሉታል፤ እኛም «ቡና» አልን፤ «ካፌ» የሚለው ቃል ግን ባሕር አቋርጦ፣ በጣሊያኑና በፈረንሳዩ አፍ ዞሮ፣ ጣራና ወንበር ገዝቶ፣ እንደ ውጭ አገር ተመላሽ ቦንጋ ገብቶ በር ላይ ተሰቅሏል። ገብተን ሁለት ስኒ በ30 ብር ጠጣን። ጤና አዳም ተነክሮበት መጣ። ከዘጌው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብዬ ልፈርድ ስል ስኒው አለቀብኝ።

ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው እዚሁ ቦንጋ ነው። ወደዚያ ስንሄድ ወዳጄ መንገድ ላይ ንግግር የሚመስል ነገር አደረገልኝ፤ ስለ ቡና ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። «ሊኔየስ የሚባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን 'አራቢካ' ብሎ መዘገበው፤ የዐረብ አገር መስሎት ነው። እኛ ጫካው ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ሰነዱ ሌላ አገር ተጻፈ። ልደቱን የሚያስመዘግብለት ዘመድ ያጣ ልጅ በለው» አለኝ። ሳቅኩ። እርሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በሄድንበት ገበያ ላይ ግን ሁለታችንም ልጆች ሆንን። መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው፤ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ጥሬ ማር፣ ቅቤ፣ በኮባ የተጠቀለለ የቆጮ እርሾ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርጥብ አፈር። ኮረሪማው ፍሬ ፍሬው በገመድ ተሰክቶ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። እናቴ ከባሕር ዳር ገበያ በቁና ሳይሆን በፍሬ እየቆጠረች የምትገዛው ኮረሪማ! እዚህ አንዱ ገመድ 100 ብር። ሁለት ገመድ ገዝቼ አንገቴ ላይ አጠለቅኩት፤ ሻጯ እናት በሳቅ ሞቱ። የጫካ ማር በኪሎ 500፣ የተፈለፈለ ቡና በኪሎ 450፣ ጀንፈሉ ከዚያ ይረክሳል። ከበግ ተራው ደግሞ ዝነኛውን የቦንጋ በግ አየሁ፤ ቀይ ዳማ፣ ጠጉሩ አጭርና ለስላሳ፣ ላቱ እስከ ቋንጃው የወረደ። እኛ አገር ለፋሲካ የምንጎትተው በግ ከዚህ ጎን ቢቆም ልጁ ይመስላል። ዋጋ ጠየቅኩ። «18 ሺህ» አሉኝ። የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ምርጥ አውራዎችን እየመረጠ ዝርያውን ያሻሽላል፤ «ይኼ ምሩቅ በግ ነው» አለኝ ወዳጄ። ከኪሴ ያለው ብር የምሩቁን ላት እንኳ አይገዛም።

ከቀትር በኋላ በሚዛን መንገድ ወደ ውሽውሽ ወጣን። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በሻይ ፓኬት ላይ አውቀዋለሁ፤ ቦታ መሆኑን ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከመኪናው ስወርድ አፌ ተከፈተ። ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፤ አንዲት ቅጠል ከጎረቤቷ አትበልጥም፣ መስመሩ ተጠማዞ ወደ ላይ ወጥቶ ተጠማዞ ይወርዳል። በረድፎቹ መሐል ቅርጫት በጀርባቸው ያዘሉ ለቃሚዎች ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እያሉ በጣታቸው ይቀነጥባሉ፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፣ እጃቸው አይሳሳትም። የሻዩ መስመር በሚያልቅበት ደግሞ ጫካው ይጀምራል፤ ያልተበጠረ፣ ያልተላጨ፣ ከነሐረጉና ከነሽበቱ።

ወደ ጫካው ስንገባ ብርሃኑ ወደቀ። የሰዓት እላፊ የታወጀ ይመስል ድንገት ጸጥታ ሆነ። የዝግባና የቀረሮ ግንዶች ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው፣ አረንጓዴ ሽበታቸው ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ፤ ከላይ ጉሬዛ ነጭ ጅራቱን እንደ ካባ ጥለት እየወዘወዘ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል፤ እጅግ ከፍ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ሰው እዚያ ድረስ በገመድ ወጥቶ ማር ይቆርጣል! ሽቅብ ሳይ እግሬን ረሳሁት። ጭቃው አዳለጠኝና በቂጤ ተቀመጥኩ። ለመነሣት አንድ ቀጭን ግንድ ያዝኩ፤ ግንዱ ጎበጠና ቀይ ፍሬ ፊቴ ላይ ረገፈ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ ወዳጄ። «የጫካ ቡና ጨበጥክ።»

ቡና መሆኑን አላወቅኩትም ነበር። የማውቀው ቡና ክብ፣ ቁጥቋጦ፣ ፍሬ የጠገበ ነው። ይህ ግን ቁመቱ የእኔን ሦስት እጥፍ፣ ውፍረቱ ከክንዴ የማይበልጥ፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ ቀጫጫ ነው፤ ፍሬውም እዚህ ሁለት፣ እዚያ አራት። ዙሪያውን አየሁ። ሁሉም ቡና ነው። መስመር የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ አጥር የለው። አንዷን እሸት ፍሬ ጨመቅኳት፤ ሁለቱ ዘሮች እንደ መንታ ፊት ለፊት ተቃቅፈው በሚያሟልጭ ልጋግ ተሸፍነው ወጡ። አፌ ውስጥ ጣልኳቸው። ጣፋጭ ነው! ዕድሜ ልኬን ቡና ስጠጣ ፍሬው ማር ማር እንደሚል የነገረኝ አልነበረም።

ትንሽ እንደሄድን ቅርጫት የያዙ አንድ አዛውንት አገኘን። ወዳጄ በካፊኛ ተጎንብሶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ሳቁ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው በማኅበር ተደራጅተው ይህን ደን ይጠብቃሉ፤ ዛፍ አይቆርጡም፣ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ይለቅማሉ። ከአፌ ያመለጠው ጥያቄ አሁንም ያሳፍረኛል።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ማን ተከለው?»

ወዳጄ ሲተረጉምላቸው አዛውንቱ መጀመሪያ እርሱን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፤ ወደ ሰማይ መስሎኝ ነበር። «ወፍና ጦጣ» አሉ። «እነርሱ በልተው ይተክላሉ። እኛ እንለቅማለን።»

የዘጌው በትር ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ቤታቸው ካልገባችሁ አሉን። እንሰት በከበበው ጎጆ ደጃፍ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ጎደሬ ቅቅል በቅቤና በሚጥሚጣ ቀረበልን፤ ባለቤታቸው ቡናውን ቆልተው ጭሱን በየአፍንጫችን ሲያዞሩ እናቴን አየኋት፤ ጭሱን በእጇ እንዲሁ ታማትበዋለች፣ እንዲሁ ወደ ራሷ ትስበዋለች። አሥራ አምስት ሰዓት በመኪና ብሄድ የማልደርስበት ቤቴ እዚህ ጭስ ውስጥ ነበር። አልዋሽም፣ ዓይኔ ረጠበ። በጭሱ አሳበብኩ።

ወዳጄ በአቦልና በቶና መካከል የሚያስጨንቀውን ነገረኝ። ዓለም የሚጠጣው አራቢካ በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዘሮች የተባዛ ስለሆነ በሽታ ሲመጣ አብሮ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1869 ሴሎን የገባው የቡና ዝገት እርሻውን ጨርሶ ያንን አገር ወደ ሻይ አዞረው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1971 የፍሬ አድርቅ በሽታ ሲነሣ፣ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከደቡብ ምዕራቡ ጫካና ጓሮ ነው፤ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው አባዙ። «እዚህ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ ምን እንደጠፋ እንኳ አናውቅም» አለኝ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን የካፋ ምድር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ይሁንና የዱር አራቢካ ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ነው። አዛውንቱ የምናወራው አልገባቸውም፤ «ጠጡ፣ ይቀዘቅዛል» አሉን።

የቡና እናት የምትባለዋን ዛፍ ለማየት ማንኪራ፣ ለመታጠብ ዳዲበን ፍል ውሃ፣ ለመገረም የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድልድይ ነበሩ፤ ቀኑ አልበቃንም። በመጨረሻው ሚኒባስ ስንመለስ ጎጀብን በጨለማ ተሻገርን። ውሃው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ወዳጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። እኔ ግን ድልድዩን እስክናልፍ ነቅቼ አዳመጥኩ።

ባሕር ዳር እንደገባሁ ሦስት ኪሎ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ለእናቴ አስረከብኩ። «ስንት ገዛኸው?» አለች። ነገርኳት። «አስወደዱብህ» አለች። ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። አቦሉን ዝም ብላ ጠጣች። ቶናውን ዝም ብላ ጠጣች። የአዛውንቱን ነገር፣ ወፍና ጦጣ የተከሉትን ቡና ነገርኳት፤ ስኒዋን ይዛ በመስኮቱ ወደ ጣና ተመለከተች። በረካው ላይ «ኮረሪማው ግሩም ነው» አለች።

«ቡናውስ?»

«ኮረሪማው ግሩም ነው አልኩህ።»

ማታ ስኒ ልትመልስ ስትነሣ ተከተልኳት። የተረፈውን የካፋ ቡና ከዘጌው ጋር አልቀላቀለችውም። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ለክርስትናና ለሰርግ ብቻ የምታወጣውን ክዳን ያለው ቆርቆሮ አወረደች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ፍሬውን አንድ ሳታንጠባጥብ ገልብጣ፣ ክዳኑን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ዘጋችው።